በርብ ዳር የተተከለው ችካል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት ወረታን አልፎ የርብን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ይፋግ ይደርሳል። ዛሬ አብዛኛው መንገደኛ ይፋግን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው፤ ዓይኑን ሳያሳርፍባት አዲስ ዘመን ይገባል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ከምጽዋ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በጎንደር አድርጎ ወደ ጎጃም ሲወርድ የሚያርፍባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት፣ ኬላ የቆመባት ትልቅ ገበያ ነበረች። የሩቅ አገር ሸቀጥም የሩቅ አገር ወሬም ለይፋግ እንግዳ አልነበረም።

ከከተማዋ በታች ያለው ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ይዘረጋል። ክረምት ላይ ሩዝ፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ፣ በበጋ ደግሞ በሞተር እየተሳበ በሚጠጣ ውሃ ሽንኩርት ይበቅልበታል። በሐምሌ መጨረሻ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ባሕር ዳር የምትሠራ አንዲት ወጣት የውሃ መሐንዲስ በዚህ ሜዳ ጫፍ ወደሚኖሩት አጎቷ ቤት መጣች። ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ፣ ቡናው ገና ሳይቆላ፣ አጎትየው ወደ ወንዙ ይዘዋት ወረዱ። ሊያሳዩዋት የፈለጉት አንድ ችካል ነው።

ችካሉ የባሕር ዛፍ ነው። ቁመቱ ከሰው ደረት አይበልጥም፤ ልጡ ተልጦ ነጥቷል። በቢላ የተቆረጡ ሦስት ምልክቶች አሉበት።

«የታችኛው ‹ተጠንቀቅ› ነው» አሉ አጎትየው በጣታቸው እየዳሰሱ። «መካከለኛው ‹ከብትህን አውጣ›። የላይኛው ‹ራስህን አውጣ›።»

የላይኛውን የቆረጡት በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ርብ ዳሩን ጥሶ የወጣበትን ልክ አስታውሰው ነው። ያን ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም፣ ከሐይቁ በስተሰሜንም በደንቢያ፣ ወንዞቹ ሜዳውን ከጣና ጋር አንድ አደረጉት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ፤ ከብት ሄደ፤ ጎተራ ከነእህሉ ሰጠመ።

«ስንት ጊዜ ያዩታል?» አለች የእህታቸው ልጅ።

«ጠዋትና ማታ። ዝናቡ ካየለ ሌሊትም እነሳለሁ። ግን ልጄ፣ ችካሉ ብቻውን ዋጋ የለውም። ውሃው እዚህ ምልክት ላይ ከደረሰ በኋላ የሚተርፈኝ ጊዜ ከብት ለመፍታት እንኳ አይበቃም። እኔን የሚያድነኝ የአበልጄ ስልክ ነው። እብናት በኩል፣ ደጋው ላይ ናቸው ያሉት። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ወንዙ ሲደፈርስ ይደውሉልኛል። እኔ ደግሞ ከእኔ በታች፣ ወደ ሐይቁ ላሉት እደውላለሁ።»

ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «አጎቴ፣ የእኛም ሥራ እኮ ይኸው ነው» አለች። «ልዩነቱ የሚደዋወሉት አገሮች መሆናቸው ነው።»

ቤት ገብተው፣ ቆሎው ቀርቦ፣ ቡናው እየተቆላ ስለዚያ ነገር አወሩ። ነገሩ የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ይባላል። የካቲት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ የተፋሰሱ አገሮች የውሃ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የመሠረቱት ማኅበር ነው። ዛሬ 10 አባላት አሉት፦ ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲና ዴሞክራቲክ ኮንጎ። ኤርትራ ታዛቢ ናት። ዋናው ጽሕፈት ቤት ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ነው፤ ለዓባይ፣ ለተከዜና ለባሮ ወገን የሚሠራው ቅርንጫፍ ግን አዲስ አበባ ተቀምጧል፤ በምህጻሩ ኢንትሮ ይሉታል።

አጎትየው ማኅበር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወዲያው የገባቸው ጽዋ ነው።

«ሙሴው ማን ነው?»

«የውሃ ሚኒስትሮቹ ምክር ቤት አለ። ሊቀመንበርነቱ በየዓመቱ ከአገር ወደ አገር ይዞራል።»

«ጽዋው ይዞራል በይኛ።»

«ይዞራል።»

«መልካም። ጽዋ እስከዞረ ድረስ ማኅበር አይፈርስም። ግን ግብፅ አለችበት አልሽኝ። እሷ ከእኛ ጋር ትጠጣለች?»

እዚህ ላይ ልጅቱ ሲኒዋን አስቀመጠች። ጥያቄው ቀላል መልስ የለውም፤ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው የወንዙን ውሃ ተካፈሉ፦ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በዓመት። የቀረው 10 ቢሊዮን ገደማ በአስዋን ሐይቅ ለሚተነው ተቆጠረ። 85 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ውሃ ከደጋዋ የምትልከው ኢትዮጵያ በዚያ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ አልተጻፈላትም። አልተጠራችምም።

«የሰፈሩን ድግስ ሁለት ሰዎች ዘግተው በሉት» አሉ አጎትየው። «አባቴም ይል ነበር፤ ‹እንግሊዝ ጣናን ሊገድብ መጥቶ ነበር› ይል ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር።»

«ተረት አይደለም።»

አይደለምም። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አፄ ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ተጠይቀው ፈርመዋል። በኋላ እንግሊዞች ጣናን ለሱዳን ጥጥና ለግብፅ የውሃ ጎተራ ሊያደርጉት ፈለጉ። በ1918 ዓ.ም. ለንደንና ሮም ስለ ጣና በመካከላቸው ደብዳቤ ሲለዋወጡ ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ከዚያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኒውዮርኩ ጄ ጂ ዋይት ኩባንያ መሐንዲሶች በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ መጥተው ሐይቁን ለኩ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ነገሩ ቀረ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሐይቁን ዳር ገበሬ የጠየቀ የለም፤ ይህን ጸሐፊ ከወንዙ ታሪክ ውስጥ የሚከነክነው ይህ ነው።

እንግዲህ የ1991ዱ ማኅበር አዲስ ነገሩ ላዩም ታቹም በአንድ ገበታ መቀመጡ ነበር። ከእሱ በፊት በ1959 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ መሙላት ምክንያት የተጀመረ የውሃና የአየር ጠባይ ጥናት ነበር፤ ኢትዮጵያ በዚያ ታዛቢ ብቻ ነበረች። ገበታው ከተዘረጋ በኋላ ግን ውል ይጻፍ ተባለ። ከአሥር ዓመት በላይ ተደራደሩ። በሁሉም ነገር ተስማሙና በአንዲት ንዑስ አንቀጽ ላይ ተሰነጠቁ።

«በአንዲት?»

«በአንዲት። አንቀጽ 14 ለ። ብዙዎቹ ‹አንዱ አገር የሌላውን የውሃ ዋስትና ጉልህ በሆነ መንገድ አይጉዳ› ይሁን አሉ። ግብፅና ሱዳን ‹የውሃ ዋስትናውን፣ አሁን ያለውን አጠቃቀሙንና መብቱን አይንካ› ይባል አሉ።»

አጎትየው ቆሎውን በመዳፋቸው እያገላበጡ አሰቡ። «‹አሁን ያለውን› ካሉማ ያው የ1952ቱን ማለታቸው ነው። ቀድሞ የበላ እንደበላ ይቅር ነው።»

ልጅቱ የተማረችው ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ አይታ ሳቀች። ክርክሩ በእርግጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንቀጹ በአባሪ ተቀምጦ ወደፊት የሚቋቋመው ኮሚሽን እንዲፈታው ተተወ፤ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ፈረሙ። ኬንያ በዚያው ወር፣ ቡሩንዲ በዓመቱ ተከተሉ። ግብፅና ሱዳን በኢኒሼቲቩ ያላቸውን ተሳትፎ አቋረጡ። ሱዳን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰች፤ ግብፅ ራቀች። ውሉ በሥራ ላይ እንዲውል የስድስት አገሮች ማጽደቅ ያስፈልገው ነበር፤ ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም. ክረምት አጸደቀች፤ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ውሉ ጸና። ከፈረሙት ኬንያ እስካሁን አላጸደቀችም።

«ታዲያ» አሉ አጎትየው፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ነገር ሲያጠብቁ እንደሚያደርጉት፤ «እነሱ በውል ሲጣሉ፣ የዝናቡ ወሬ ቆመ?»

«አልቆመም።»

«እሱን ንገሪኝ።»

ይህ ከፊርማው ይልቅ ሊነገር የሚገባው ክፍል ነው፤ ጋዜጣ ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ኢንትሮ የጎርፍ ዝግጁነትና ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ። ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ይኸው በጣና ዙሪያ ያለው ሜዳ ነው፦ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ። ሌሎቹ ከድንበር ታች ሱዳን ውስጥ ያለው የዓባይ ዳር፣ የባሮ ወገንና የተከዜ ወገን ናቸው። በክረምቱ ወራት ባለሙያዎቹ ከሳተላይት የተገመተውን ዝናብና ለመጪዎቹ ቀናት የተተነበየውን ወስደው በወንዞቹ ስሌት ውስጥ ያስገባሉ፤ የትኛው ወንዝ መቼ ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድመው ለየአገሩ ይልካሉ። ሚኒስትሮቹ ሳይነጋገሩ በከረሙበት ክረምትም መልእክቱ ሄዷል።

«ካርቱም ውስጥ» አለች ልጅቱ፣ «ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። ገበሬዎች ናቸው። ወንዙ ሲሞላ ሌሊቱን በተራ የሚጠብቁበት ልማድ አላቸው፤ ‹ታያ› ይሉታል።»

«ችካል አላቸው?»

«ያለ ችካል አይጠብቁም መቼም።»

አጎትየው ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ሌሊት ተነስቶ ውሃ የሚያይ ሰው እንዳለ ማወቅ ለእሳቸው ከውሉ ሁሉ የበለጠ ነገር ነበር። «ከእኛ የሄደው ውሃ ነው የሚያስነሳቸው» አሉ። ልጅቱ አረመቻቸው፤ ከጣና የሚወጣው ውሃ ዓባይ ድንበር ላይ ከሚኖረው ከአሥር እጁ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የሚበዛው ከሐይቁ በታች ካሉት ገባሮች ነው። እሳቸው ግን በእርማቱ አልቀዘቀዙም። «አንድም እጅ ቢሆን እጅ ነው» አሉ።

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ማካፋት ጀመረ።

«ላይ የርብ ግድብ አለ አይደል? አይቀንስልዎትም?» አለች።

«የላዩን ይይዝልኛል፤ አይካድም። ከግድቡ በታች ከየሸለቆው የሚገባውን ግን ማን ይይዘዋል? ሐይቁም ሲሞላ ርብን መልሶ ይገፋዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ግድብ ሲሞላ ይለቀቃል፤ ሲለቀቅ ማን ይነግረኛል?»

«ሱዳኖቹም የሚሉት ይህንኑ ነው።»

አጎትየው ቀና ብለው አዩዋት። ከምሽቱ ወሬ ሁሉ ረጅሙ ዝምታ ይህ ነበር።

የይፋግ ገበሬ ለርብ ግድብ ታች ነው፤ ለካርቱም ገበሬ ላይ ነው። የሱዳኑ ሮሰይረስ ግድብ ህዳሴ ግድብ ከቆመበት ከጉባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ግድብ የማኅበሩ ሥራ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በራሷ ገንዘብ የሠራችው ነው። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መሪዎች ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆች መግለጫ መረጃ መለዋወጥን ያነሳል፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ሦስቱ አገሮች ዛሬም አልተስማሙም። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲነሳ ግብፅ ግድቡን ወቀሰች፤ ኢትዮጵያ አስተባበለች፤ ክርክሩ በመግለጫ ላይ መግለጫ ሆኖ አለፈ።

«እኔ ለግድቡ ቦንድ ገዝቻለሁ» አሉ አጎትየው በመጨረሻ። «በግ ሸጬ። ልጆቼም ያውቃሉ። ግድቡ የእኛ ነው፤ ማንም አይነካብንም። ግን ለታቹ ሰው መንገር ምን ይወስድብናል? እኔ ለታቹ ስደውል ርብን አልሰጠሁትም። ስልክ ነው የደወልኩት።»

ልጅቱ ይህን በልቧ ያዘችው። ውሃ መስጠትና ስለ ውሃ መናገር ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ድርድር የሚታነቀው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ወሬው ከዚያ ወደ መተማ ዞረ። አጎትየው በወጣትነታቸው ሰሊጥ ለማጨድ ለቀን ሥራ ወደዚያ ወርደው ያውቃሉ፤ ከሊቦ ከምከም የማይወርድ ጎበዝ አልነበረም። ያ መንገድ ገንዘብም አምጥቷል፣ በሽታም አምጥቷል። በ1997 ዓ.ም. በወረዳው ካላዛር ሲነሳ መጀመሪያ ላይ ብዙዎች ወባ መስሏቸው ነበር፤ በሽታውን ከቆላው ይዘውት የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ታመነ። በሽታውን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ፓስፖርት አያሳይም፤ ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍም ያው በሽታ አለ።

በዚያው አቅጣጫ ደግሞ ሌላ ነገር ሄዷል። በማኅበሩ በኩል ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ነበር፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደርና በሸህዲ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር። በ2006 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። የሲራራው መንገድ የነበረው ዛሬ ሽቦ ተዘርግቶበታል። ከወንዙ ራስጌ በሌላው ወገን፣ በካጌራ ወንዝ ላይ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲና ታንዛኒያ በዚሁ ኢኒሼቲቭ በኩል ሩሱሞ ፏፏቴ ላይ 80 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሠርተው ኃይሉን ለሦስት እኩል ይካፈላሉ። ከዚህም የሚልቅ አለ፤ በሴኔጋል ወንዝ ተፋሰስ ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል በ1964 ዓ.ም. ባቋቋሙት ድርጅት በኩል የማናንታሊን ግድብ በጋራ ይዘውታል። ግድቡ ያለው ማሊ ምድር ላይ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ሦስቱም ናቸው።

«ይህኛው ወንፈል አይደለም» አሉ አጎትየው። «ይህ በሬ ማቀናጀት ነው። በሬ ከማን ጋር እንደምታቀናጅ ደግሞ በደንብ ማወቅ አለብሽ።»

የቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ልጅቱ ስልኳን አወጣች። የክረምቱ የአየር ትንበያ ነበር፤ ኢጋድ ናይሮቢ ያለው የአየር ንብረት ማዕከሉ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የአካባቢውን አገሮች ባለሙያዎች ሰብስቦ የሚያወጣው ዓይነት፣ በቀለም የተከፋፈለ ካርታ። ኢጋድን አጎትየው ከሬዲዮ ያውቁታል። በድርቅ ምክንያት በ1978 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ግን አልሰሙም ነበር። አረንጓዴው ላይ ጣቷን አድርጋ አሳየቻቸው።

«እዚህ ‹ከመደበኛ በላይ› ይላል።»

«ከመደበኛ በላይ ማለት በእኔ ችካል ስንተኛው ምልክት ነው?»

መልስ አልነበራትም። ካርታው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥሩ በመቶኛ ነው፤ ሜዳው በካርታው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል። ከኢንቴቤ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር የሚደርሰው ወሬ ከባሕር ዳር እስከዚህ ጎጆ ያሉትን 70 የማይሞሉ ኪሎ ሜትሮች መውረድ አቅቶታል። እሳቸው አንድም ቀን እንዲህ ያለ መልእክት ደርሷቸው አያውቅም። የትኛው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር አያውቁም፤ ማወቅም አልፈለጉም።

«በምልክት ብታደርጉት» አሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ‹ነገ ማታ ርብ ሁለት ላይ ይደርሳል› በሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ምልክቶቹን መለካት አለብኝ» አለች። «ከባሕር ወለል በላይ ስንት እንደሆኑ። ከዚያ ከስሌቱ ጋር ማገናኘት ይቻላል።»

«ለኪያ። ማን ከለከለሽ?»

ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ የአጎትየው ስልክ ጮኸ። የእብናቱ አበልጅ ነበሩ። ጩኸታቸው እስከ ልጅቱ ይሰማል፤ ከሰዓት ጀምሮ ሲያወርደው ውሏል፣ ወንዙ ግንድ ይዞ እየወረደ ነው አሉ። አጎትየው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግቡ፣ ብርድ እንዳይመታዎ» ብለው ዘጉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ባትሪ አነሱ። ልጅቱ ጭቃ የደረቀበትን ጫማዋን አጥልቃ ተከተለች።

ውሃው ከአመሻሹ ጠቁሯል። ባትሪው ሲበራበት የታችኛው ምልክት አይታይም ነበር፤ አረፋና ስንጥርጣሪ በላዩ ላይ ይዞራል። ከእሱ እስከ መካከለኛው አንድ ክንድ ያህል ቀርቷል። ልጅቱ ችካሉን ፎቶ አነሳችና ሰዓቱን ጻፈች፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ። አጎትየው ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው፣ ስልኩን በጋቢያቸው ጋርደው ወደ ታች ደወሉ።

«አንተ፣ ተኝተሃል? ላዩ ደውሎልኛል። አንደኛው ላይ አልፏል። ጥጆቹን አሁን አውጣ፣ ሩዙን ተወው። ከአንተ በታች ላሉትም ንገር።»